«ጡዋት» እንዴት «ጥዋት» ሆነ? ብዙ ሰው የሚጽፍበት ፋይል ታሪክ

የስልካችሁን ቋንቋ አማርኛ አድርጉና እስኪ ሰዓቱን እዩት። ከቁጥሩ አጠገብ «ጥዋት» ወይም «ከሰዓት» የሚል ቃል ልታገኙ ትችላላችሁ። ከዓመታት በፊት ግን በዚያው ቦታ ይወጣ የነበረው «ጡዋት» እና «ከሳዓት» ነበር። በአንድ ሰው ደብተር ላይ ቢሆን ኖሮ ማንም ልብ የማይለው ግድፈት ነው። ይኼኛው ግን የተጻፈው ሲኤልዲአር በሚባለው፣ የዩኒኮድ ኮንሶርቲየም በሚያስተዳድረው የጋራ የቋንቋ መረጃ ክምችት ውስጥ ነበር። ከዚያ ክምችት አንድሮይድ ይቀዳል፣ አይፎን ይቀዳል፣ ጃቫም ይቀዳል። አንዲት «ጡ» በየቤቱ ገባች ማለት ነው።

ለኮምፒውተር «ጡ» በዩኒኮድ ሠንጠረዥ 1321 ናት፣ «ጥ» ደግሞ 1325። እርማቱ መጨረሻ ላይ ያለችውን 1 ወደ 5 መቀየር ብቻ ነው። ከባዱ ነገር ሌላ ነው፦ በዓለም ዙሪያ የተበተኑ፣ የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ፋይል ላይ ሲጽፉ ማን ምን እንደቀየረ፣ ለምን እንደቀየረ፣ ቢበላሽስ ወደ ቀድሞው እንዴት እንደሚመለስ በምን ይታወቃል?

የብራና ጸሐፊዎቻችን ሲሳሳቱ ፍቀው በላዩ ይጽፉ ነበር። ገጹ ንጹሕ ይሆናል፤ የተፋቀው ግን ሄደ። የሶፍትዌር ሰዎችም መጀመሪያ ላይ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. በ1972 በአሜሪካ ቤል ላብስ ማርክ ሮችካይንድ ኤስሲሲኤስ የተባለውን ፕሮግራም ሠራ፤ ለውጥ በተደረገ ቁጥር ልዩነቱን መዝግቦ ያስቀምጣል፣ ምንም አይፋቅም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የመጣው የዋልተር ቲቺ አርሲኤስ ደግሞ ፋይሉን እንደ ጋራ ክፍል ቁልፍ ያደርገዋል፦ አንዱ ይዞት እየጻፈ ከሆነ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። ሲቪኤስ የመጣው ይህን ወረፋ ለማስቀረት ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጻፍ፣ ግጭት ካለ በኋላ ይታረቃል አለ። ብቻ ዋናው መዝገብ በአንድ ሰርቨር ላይ ነው፤ ከሰርቨሩ ጋር ካልተገናኛችሁ ሥራችሁን ማስመዝገብ አትችሉም።

በዚህ መሃል ነው የእኛ ቋንቋዎች ብቅ ያሉት። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትም ነው። ፊደሉ መግባቱ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ኮምፒውተሩ ሰኞን «ሰኞ» ብሎ እንዲጠራ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ መጻፍ አለበት። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዳንኤል ያዕቆብ የሚታወቅበት ግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ሰገሌ ኦሮሞ ከተባለ አሳታሚ ጋር ይህን አደረገ። ሊኑክስ በሚጠቀምበት ጂሊብሲ በተባለው ፕሮጀክት ውስጥ የአማርኛ፣ የኦሮምኛ፣ የትግርኛ፣ የሲዳምኛ፣ የወላይትኛና የግዕዝም ሳይቀር ፋይሎች ገቡ። እያንዳንዱ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፦ የቀናት ስም፣ የወራት ስም፣ የገንዘብ ምልክት። እኔ እንደሚመስለኝ በዚያ ዘመን ለቋንቋዎቻችን ከተሠሩት ዝምተኛ ውለታዎች አንዱ ይህ ነው።

ፋይሎቹን ስታነጻጽሩ የሚገርም ነገር ታያላችሁ። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለሆነ የአማርኛ መረጃ የፈረንጁን ወር ስም እንዳለ ወሰደ። በሲኤልዲአር መጀመሪያ «ጃንዩወሪ» ነበር፣ ኋላ «ጃንዋሪ» ተባለ። ኦሮምኛው ግን ያንኑ ወር «አማጂ» ብሎ በራሱ ስም ይጠራዋል። የትኛው ይሻላል? ክርክሩ የሚነሣው እዚህ ጋ ነው፤ ለዚህም ነው የለውጥ መዝገብ የሚያስፈልገው።

አሁን ወደ መጋቢት 1997 ዓ.ም. እንሂድ። የሊኑክስ ሠሪዎች ቢትኪፐር የተባለ የአንድ ኩባንያ ንብረት የሆነ መሣሪያ በነጻ ይጠቀሙ ነበር። አንድሩ ትሪጀል የተባለ ፕሮግራመር የመሣሪያውን አሠራር ከውጭ ለመፍታት በመሞከሩ ጠብ ተነሣ፣ ኩባንያውም ነጻ ፈቃዱን አነሣ። ሊነስ ቶርቫልድስ መጋቢት 25 አዲስ መሣሪያ መጻፍ ጀመረ። መጋቢት 29 ላይ መሣሪያው የራሱን ኮድ ታሪክ ራሱ መዝግቦ መያዝ ቻለ። በቃ፣ ጊት ተወለደ።

የጊት ዋና ሐሳብ ማዕከሉን ማስቀረት ነው። አንድን ሪፖዚተሪ ስትቀዱ የዛሬውን ፋይል ብቻ ሳይሆን ታሪኩን በሙሉ ትወስዳላችሁ። እያንዳንዱ ለውጥ፣ ማለትም ኮሚት፣ ከይዘቱና ከቀዳሚው ኮሚት የሚሰላ እንደ ጣት አሻራ ያለ ስም አለው። አንድ ሰው የድሮውን ታሪክ በድብቅ ቢነካካ ከዚያ በኋላ ያሉት አሻራዎች ሁሉ ይለወጣሉ፤ ቅጂው ያለው ሁሉ ያውቅበታል። ጂሊብሲም በ2009 እ.ኤ.አ. ከሲቪኤስ ወደ ጊት ተዛወረ፤ ሲኤልዲአርም በኋላ ጊት ላይ ሆኗል።

ይህ ልዩነት ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ ልጅ ተረት አይደለም። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግሥት፣ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ። ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ሦስት ሳምንት ያህል ፈጀ። በዚያ ሰሞን በሲቪኤስ ዘመን አሠራር የሚሠራ ሰው እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ነበር። ጊት ያለው ግን ቤቱ ሆኖ ይጽፋል፣ ኮሚት ያደርጋል፣ የትናንቱን ከዛሬው ያስተያያል፤ መስመሩ ሲመለስ የሦስት ሳምንቱን ሥራ በአንዴ ይልካል። እርግጥ ያን ጊዜ ውጭ አገር ያለ ባልደረባው ያንኑ መስመር በሌላ መንገድ ቀይሮት ሊጠብቀው ይችላል። ጊት ሁለቱንም መስመር ጎን ለጎን አስቀምጦ ይቆማል። የሚመርጠው ሰው ነው።

መምረጡ ላይ ነው መሣሪያው የማይደርሰው። በሲኤልዲአር ቃላት የሚወሰኑት በድምፅ ነው፤ የየኩባንያው ተወካዮችና ፈቃደኛ ሰዎች በልዩ ድረ ገጽ ይመርጣሉ፣ ውጤቱ በጅምላ ወደ ሪፖዚተሪው ይገባል። ጊት ላይ ስሙ የሚጻፈው ያስገባው ሰው ነው እንጂ «ኧረ ይቺ ጡ አይደለችም፣ ጥ ናት» ብሎ የተከራከረው አይደለም። የጂሊብሲው የአማርኛ ፋይል ግን አናቱ ላይ ዛሬም የግዕዝ ፍሮንቲየርን ስም እንደያዘ ነው። ሪፖዚተሪውን አውርዳችሁ «ጊት ብሌም» የሚለውን ትዕዛዝ ብትሰጡት እያንዳንዱን መስመር ለመጨረሻ ጊዜ ማን እንደነካውና መቼ እንደነካው ያሳያችኋል።