የራዲያተር ክዳንም ታሪክ አለው

ከሻንቶ ልጆች ሹፌር የሆናችሁ ብዙ ናችሁና ዛሬ ስለ መኪና ውሃ ትንሽ ታሪክ ላውጋችሁ። በጋው ሲበረታ ውሃ ፈልቶበት መንገድ ዳር የቆመ መኪና አይጠፋም። ሰው ሁሉ «የቆላው ሙቀት ነው» ይላል። እኔ ግን የጥፋቱን ግማሽ ለደጋው እሰጣለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1886 የተሠራችው የካርል ቤንዝ መኪና ውሃዋን እያፈላች በእንፋሎት ትጨርሰው ነበር። በ1900 ቪልሄልም ማይባኽ ለመርሴዲስ 8,070 ትንንሽ ቱቦዎች ያሉት፣ የንብ እንጀራ የመሰለ ራዲያተር ሠራ። ወደ እኛ አገር መኪና የመጣው ብዙም ሳይቆይ ነው። ቤዴ ቤንትሊ የተባለው ሰው በ1900 ዓ.ም. ከጅቡቲ በረሃውን አቋርጦ ለአፄ ምኒልክ መኪና አመጣ። ከዚያ የጣሊያን ወረራ ዘመን የጭነት መኪኖች መጡ። ዛሬም ጋራዥ ገብተን «ፖምፓ፣ ቺንጋ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን» ስንል የምናወራው ጣሊያንኛ ነው።

አሁን ወደ ደጋው ልመለስ። ጅቡቲ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር፣ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ሶዶ 2,000 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ቦሎቄ ደጋ ላይ ቶሎ አልበስል የሚለው ለዚህ ነው። የሞተር ውሃ ደግሞ በደህናው ጊዜም 90 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። እንግዲህ በመካከል የቀረችው ሦስት ዲግሪ ናት!

ይህን ያቃለለው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሰፊው የተለመደው ባለ ሞላ ክዳን ነው። እንፋሎቱን አፍኖ ግፊት ስለሚጨምር፣ እኛ አገር ደጋም ላይ ቢሆን ውሃው እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። እና ክዳኑ ሲያረጅ በጨርቅ ወይም በማይገጥም ክዳን የሚደፍን ሰው መኪናውን ወደ አያቶቹ ዘመን መለሰው ማለት ነው። ወደ ብላቴ ቆላ ሲወርድ ቢፈላበት ምን ይገርማል?

ስለዚህ ልጆቼ፣ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የክዳኑን ጎማ እዩ፤ ቺንጋው እንዳልላላ በእጃችሁ ዳስሱ፤ በራዲያተሩ ላይ የተጣበቀውን አቧራና ነፍሳት አጽዱ። «ኩላንት ለበረዶ አገር ነው» የሚላችሁን አትስሙ። መፍላትን ያዘገያል፣ ዝገትንም ይከላከላል። መንገድ ላይ ከፈላ ጥላ ፈልጋችሁ አጥፉት፤ እስኪበርድ ክዳኑን እንዳትነኩ፣ ፊት ያቃጥላል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ደግሞ ቴስታታ ይሰነጥቃል።

አንድ ቴስታታ ሲሰነጠቅ የስንት ወር ገቢ ይዞ እንደሚሄድ፣ በዚያ መኪና የሚያድሩ ልጆችም ስንት እንደሆኑ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ክዳን ግን ርካሽ ነው። ለሹፌር ወዳጆቻችሁ አድርሱልኝ፤ መንገዱን ሰላም ያድርግላችሁ።