የቤንጃሚን ፍራንክሊን የንባብና የጥናት ዘዴ

ቤንጃሚን ፍራንክሊን (1706–1790 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ ደራሲ፣ አታሚ፣ የሳይንስ ተመራማሪና ዲፕሎማት ነበር። መደበኛ ትምህርቱን በ10 ዓመቱ ያቋረጠ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ያወቀውን አብዛኛውን ነገር ያገኘው በራሱ ንባብ ነው። የዘዴው ዋና መለያ ያነበበውን መጽሐፍ ዘግቶ ሐሳቡን በራሱ ቃላት መልሶ መጻፍ፣ ከዚያም ከመጽሐፉ ጋር ማመሳከር ነበር። በዚህም መምህር ሳይኖረው ስሕተቱን ራሱ የሚያገኝበትን መንገድ አበጀ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስተዳደግና ትምህርት

ፍራንክሊን የተወለደው በቦስተን ከተማ ነው። አባቱ ጆሳያ ሻማና ሳሙና እየሠራ የሚሸጥ፣ 17 ልጆች የወለደ ሰው ነበር። ልጁን ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት አስቦ በ8 ዓመቱ ላቲን ወደሚያስተምር ትምህርት ቤት ቢያስገባውም፣ ወጪው ስለከበደው አንድ ዓመት ሳይሞላው አስወጣው። ቀጥሎ በገባበት ትምህርት ቤት ጽሕፈት ቶሎ ለመደ፤ በሒሳብ ግን ወደቀ። በ10 ዓመቱ አባቱን በሥራ መርዳት ጀመረ፤ በ12 ዓመቱም በታላቅ ወንድሙ በጄምስ ማተሚያ ቤት በውል ተለማማጅ ሆነ።

መጻሕፍት ያገኘበት መንገድ

ፍራንክሊን በልጅነቱ እጁ የገባውን ጥቂት ገንዘብ ሁሉ ለመጽሐፍ ያውል ነበር። መጀመሪያ የሰበሰበው የጆን ቡንያንን ሥራዎች ሲሆን፣ በኋላ እነርሱን ሸጦ ርካሽ የታሪክ መጻሕፍት ገዛ። ማተሚያ ቤት ከገባ በኋላ ከመጽሐፍ ነጋዴዎች ተለማማጆች ጋር ተወዳጀ። እነርሱም ማታ መጽሐፍ ያውሱት ነበር። መጽሐፉ በማለዳ ወደ ቦታው መመለስ ስለነበረበት ብዙ ጊዜ ሌሊቱን ሲያነብ ይቆይ ነበር።

በ16 ዓመቱ ገደማ ሥጋ መብላት ተወ፤ ወንድሙም ለምግቡ ከሚያወጣው ገንዘብ ግማሹን በእጁ እንዲሰጠው ተስማማ። ፍራንክሊን ከዚሁ ላይ ግማሹን እያጠራቀመ መጽሐፍ ገዛ። ሌሎቹ ለምግብ ሲወጡ እርሱ እዚያው ቀርቶ ዳቦና እፍኝ ዘቢብ በውኃ ቀምሶ የተረፈውን ሰዓት ያነብ ነበር። በትምህርት ቤት ሁለት ጊዜ ያልተሳካለትን ሒሳብ ከመማሪያ መጽሐፍ ብቻውን አጥንቶ የጨረሰው በዚህ ወቅት ነው።

ዘግቶ የመጻፍ ልምምድ

ፍራንክሊን ሴቶች ሊማሩ ይገባል ወይስ አይገባም በሚለው ጉዳይ ከአንድ ጓደኛው ጋር በደብዳቤ ተከራክሮ ነበር፤ እርሱ ሊማሩ ይገባል ባይ ነበር። አባቱ ደብዳቤዎቹን አግኝቶ አነበበ። ልጁ በፊደል አጻጻፍና በሥርዓተ ነጥብ ቢበልጥም፣ በአገላለጽ ውበት፣ በሐሳብ ቅደም ተከተልና በግልጽነት ከጓደኛው እንደሚያንስ በምሳሌ አሳየው። ፍራንክሊን ይህን ጉድለት ለማረም ቆረጠ።

በዚያው ሰሞን «ዘ ስፔክቴተር» የተባለው የለንደን ኅትመት አንድ ቅጽ በእጁ ገባ። ኅትመቱ ከ1711 ጀምሮ በጆሴፍ አዲሰንና በሪቻርድ ስቲል የተዘጋጁ መጣጥፎችን የያዘ ነበር። ፍራንክሊን በእነዚህ መጣጥፎች ላይ የሚከተሉትን ልምምዶች ያደርግ ነበር፦

1. የእያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ሐሳብ በአጭር ማስታወሻ ይይዛል።
2. ማስታወሻውን ለጥቂት ቀናት ያስቀምጠዋል።
3. መጽሐፉን ሳያይ መጣጥፉን ከማስታወሻው በራሱ ቃላት እንደገና ይጽፋል።
4. የጻፈውን ከዋናው ጋር አመሳክሮ ስሕተቱን ያርማል።

በማመሳከሩ የቃላት ሀብቱ አነስተኛ መሆኑን ተረዳ። ግጥም ቤት ለመምታትና ምጣኔ ለመጠበቅ ተመሳሳይ ትርጉም ያላቸውን ብዙ ቃላት ማፈላለግ ስለሚያስገድድ፣ አንዳንዶቹን ታሪኮች ወደ ግጥም ይለውጣቸው ነበር። ዋናውን ሲረሳው ደግሞ ግጥሙን መልሶ ወደ ስድ ንባብ ያመጣዋል። ሌላ ጊዜ ማስታወሻዎቹን ሆን ብሎ ያዘበራርቃል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ዓረፍተ ነገር መጻፍ ከመጀመሩ በፊት በተሻለው ቅደም ተከተል ለመደርደር ይሞክራል። የዚህ ዓላማ ሐሳብን ማደራጀት መማር ነበር። በጥቃቅን ነገሮች አልፎ አልፎ ከዋናው የተሻለ የጻፈ መስሎ ይታየው እንደነበርና ይህም እንዳበረታታው ገልጿል።

ለዚህ የሚሆን ጊዜ ያገኝ የነበረው ማታ ከሥራ በኋላ፣ ጠዋት ከሥራ በፊትና እሑድ ዕለት ነው። በ1722፣ በ16 ዓመቱ፣ ሳይለንስ ዱጉድ በተባለች ምናባዊ መበለት ስም 14 ደብዳቤዎችን ጽፎ በወንድሙ ጋዜጣ ላይ እንዲወጡ አደረገ። የመጀመሪያውን ጽሑፍ ሌሊት በማተሚያ ቤቱ በር ሥር አስገብቶ የተወው ሲሆን፣ ወንድሙ ጸሐፊው ማን እንደሆነ ሳያውቅ አተመው።

የጋራ ንባብና ክርክር

ፍራንክሊን በ1727 በፊላደልፊያ «ጁንቶ» የተባለ የውይይት ማኅበር አቋቋመ። አባላቱ ዓርብ ማታ እየተሰበሰቡ በሥነ ምግባር፣ በፖለቲካና በተፈጥሮ ሳይንስ ጥያቄዎች ላይ ይወያያሉ፤ እያንዳንዱም በ3 ወር አንድ ጊዜ የራሱን ጽሑፍ ያቀርባል። ክርክሩ ወደ ጠብ እንዳይሄድ፣ «ያለ ጥርጥር እንዲህ ነው» ዓይነት አነጋገር በትንሽ መቀጮ ያስቀጣ ነበር።

በ1731 በአባላት መዋጮ የሚተዳደር የፊላደልፊያ ቤተ መጻሕፍት እንዲመሠረት አደረገ። የመጀመሪያዎቹ 50 አባላት ለመግቢያ 40 ሺሊንግ፣ በየዓመቱም 10 ሺሊንግ ይከፍሉ ነበር። እርሱም በቤተ መጻሕፍቱ እየተጠቀመ በየቀኑ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ለጥናት ይመድብ ነበር።

የቋንቋ ጥናት

በ1733 ቋንቋዎችን ማጥናት ጀመረና ፈረንሳይኛን ለመደ። ቀጥሎ ጣልያንኛ ሲማር አብሮት የሚያጠና ወዳጁ ቼዝ እንዲጫወቱ ስለሚገፋፋው ጊዜው ይባክን ጀመር። ስለዚህ አሸናፊው ለተሸናፊው የቤት ሥራ እንዲሰጥ ተስማሙ፤ ተሸናፊው እስከሚቀጥለው ቀጠሮ የሰዋስው ክፍል በቃሉ ይይዛል ወይም ይተረጉማል። ከዚያ ስፓኒሽ ተማረ። በልጅነቱ የተወውን ላቲን ሲገልጥ ከጠበቀው በላይ እንደሚረዳው አይቶ፣ ተማሪዎች ከላቲን በፊት በፈረንሳይኛ ቢጀምሩ እንደሚሻል ሐሳብ አቅርቧል።

ለሌሎች የሰጠው ምክር

በ1760 ለሜሪ ስቲቨንሰን በጻፈው ደብዳቤ፣ ስታነብ ብዕር እንድትይዝና ጠቃሚ ሆኖ ያገኘችውን ነገር በትንሽ ደብተር በአጭሩ እንድትጽፍ መክሯታል። መዝገበ ቃላት በአጠገቧ እንዲኖርና ትርጉሙን በትክክል የማታውቀውን ቃል ወዲያው እንድትፈልግ፣ ይህ መጀመሪያ ንባቡን የሚያቋርጥ ቢመስልም ድካሙ በየቀኑ እየቀነሰ እንደሚሄድም አስረድቷታል።

ግምገማ

ስለ ወጣትነቱ ልምምድ ዋናው ምንጭ በ1771 መጻፍ የጀመረው ግለ ታሪኩ ነው። ያን ጊዜ 65 ዓመቱ ስለነበር፣ ዝርዝሩ ከ45 ዓመት በላይ ቆይቶ ከትዝታ የተጻፈ ነው። ሆኖም የዘዴው መሠረት፣ ማለትም ሳያዩ ማስታወስና ጊዜ ሰጥቶ መድገም፣ ዛሬ በትምህርት ሥነ ልቦና የሚደገፍ አሠራር ነው። ገጹን ደጋግሞ ማንበብ ያወቁት ያህል እንዲሰማ ያደርጋል፤ ዘግቶ መጻፍ ግን ያልታወቀውን ለይቶ ያሳያል። የዘዴው ገደብ በመረጡት ጽሑፍ ላይ የሚመሠረት መሆኑ ነው፤ ማመሳከሪያው ደካማ ከሆነ ተማሪው የሚታረምበት ነገር አያገኝም።