መራጭ የሶዲየም ቦይ አጋጆች

በሰው ሕዋሳት ሽፋን ላይ የኤሌክትሪክ ምልክት የሚያስነሱት የሶዲየም ቦዮች ዘጠኝ ዓይነት ናቸው፤ ናቭ 1.5 በልብ፣ ናቭ 1.4 በጡንቻ፣ ናቭ 1.7ና 1.8 በሕመም ነርቮች ላይ ይበዛሉ። የማደንዘዣ መድኃኒቱ ሊዶካይን እነዚህን ሳይለይ ስለሚያግድ፣ በደም ውስጥ ሲበዛ ልብንና አንጎልን ይጎዳል።

እ.ኤ.አ. በ2006 የናቭ 1.7 ጂን የተበላሸባቸው የፓኪስታን ቤተሰቦች ሕመም እንደማይሰማቸው መታወቁ ተስፋ ቢያሳድርም፣ ይህን ቦይ የሚያግዱ የሙከራ መድኃኒቶች የተጠበቀውን አላስገኙም። መንገዱ ራሱ ስሕተት ነው ማለት ግን ችኮላ ነው፤ ከውልደቱ ጀምሮ ቦዩ የማይሠራለት ሰውና ለጥቂት ጊዜ በከፊል የታገደበት ታካሚ አንድ አይደሉም። የቦዮቹ ቀዳዳ እጅግ ስለሚመሳሰል፣ ሱዜትሪጂን የተባለው መድኃኒት የሚይዘው የናቭ 1.8ን ቮልቴጅ ዳሳሽ ክፍል ነው፤ በጃንዋሪ 2025 አሜሪካ ውስጥ ለአዋቂዎች አጣዳፊ ሕመም ተፈቀደ። ከኦፒዮይድ ጥምር መድኃኒት በልጦ አለማስታገሱ እውነት ነው፤ ሆኖም ዒላማው ከአንጎል ውጭ ባሉ ነርቮች ላይ መሆኑ የሱስን ስጋት ስለሚቀንስ፣ ይህ ጥቅም ሚዛን ይደፋል።