የመኖሪያ ቤት ማኅበር፣ በገለጉና በምዕራብ ጎንደር ቆላ

የመኖሪያ ቤት ማኅበር በቋራ ወረዳ ርእሰ ከተማ በገለጉ፣ በመተማና በመላው የአማራ ክልል ብዙዎች ንዋያቸውን አዋጥተው ቤት የሚሠሩበት፣ በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 የሚመራ ሕጋዊ አካል ነው።

የከተማ ቦታ በ1967 ዓ.ም. አዋጅ የመንግሥት ከሆነ በኋላ፣ የ1987ቱም ሕገ መንግሥት መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎ አስተዳደሩን ለክልሎች ስለ ሰጠ፣ ባለገንዘብም ቢሆን ቦታ የሚያገኘው በሊዝ ጨረታ ወይም በምደባ ነው፤ ስለዚህ አባላቱ በክልሉ መመሪያ መሠረት ቤት አልባ መሆናቸውን አስመስክረው፣ ከግንባታው ወጪ የተወሰነውን በባንክ ዝግ ሒሳብ አኑረው፣ ቦታውን በዕጣ ይካፈላሉ። በቆላው የገበሬው እጅ ገንዘብ የሚይዘው ሰሊጡ ታጭዶ፣ በሒላ (በነዶ ክምር) ደርቆና ተራግፎ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሲሸጥ ነው፤ መዋጮውን በየወሩ እኩል ከመጠየቅ ይልቅ ከዚህ ወቅት ጋር ማስማማት ለአገሩ ጠባይ እጅግ የተገባ ነው። ዕቁብም ቆርቆሮና ምስማር ያስገዛል እንጂ የቦታ መብት አያስገኝም።

ከማኅበር ውጭ ከብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት ገንዘብ መሰብሰብ ግን ሌላ ሕግ ይጠይቃል፦ በአሜሪካ ካንሳስ እ.ኤ.አ. በ2011 ነዋሪዎቿ በግዛቲቱ ውስጥ ባለ ድርጅት ላይ ጥቂት ጥቂት መዋዕለ ንዋይ እንዲያፈሱ የሚፈቅድ የራሷን ደንብ አወጣች፤ በእኛ አገር ግን አክሲዮን ለሕዝብ የሚሸጥበት ሥርዓት በካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ለፌዴራሉ ባለሥልጣን ተሰጥቷል። እንግዲህ በቤት ስም ገንዘብ የሚሰበስብ ሲመጣ፣ አንባቢ ሆይ፣ የምዝገባ ምስክር ወረቀቱንና ዝግ ሒሳቡን አስቀድመህ ጠይቅ።