የባላባት ልጅ የጻፈው የጭሰኞች ታሪክ

ህንዳዊው የታሪክ ምሁር ራናጂት ጉሃ የተወለደው በ1923 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በምሥራቅ ቤንጋል፣ በዛሬዋ ባንግላዴሽ ነው። ቤተሰቡ ይተዳደር የነበረው ሄዶ እንኳ አይቶት ከማያውቀው የሩቅ ርስት በሚመጣ ገቢ ነበር። ጉሃ ይህን አልደበቀም። ያሳደገው እንጀራ ከየት እንደመጣ መመርመር የሕይወት ሥራው ሆነ።

በ1963 ያሳተመው የመጀመሪያ መጽሐፉ ወደ 1793 ይመልሰናል። በዚያ ዓመት የእንግሊዝ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ገዥ የነበረው ሎርድ ኮርንዋሊስ፣ ዘሚንዳር የሚባሉትን ግብር ሰብሳቢዎች ባለርስት አደረጋቸው፤ ለኩባንያው የሚገብሩትንም መጠን ለዘለዓለም ቆረጠው። ግብሩ በቀነ ገደቡ ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልገባ ርስቱ በሐራጅ ይሸጣል። ዘሚንዳሩ ርስቱ ከጸናለት መሬቱን ያለማል ተብሎ ነበር፤ እሱ ግን ጭሰኛውን መበዝበዙ ቀለለው። ጉሃ ደጋግሞ የሚያሳየን ይህንን ነው፦ በአውሮፓ የባላባትን ሥርዓት ይንዳል የተባለው የግል ርስት አስተሳሰብ ቤንጋል ሲደርስ አዲስ ባላባት ተከለ። ምሥራቅ ቤንጋል ሥርዓቱን በሕግ የሻረችው በ1950፣ እንግሊዞች ከወጡ በኋላ ነው።

ጭሰኛውስ ምን ይል ነበር? አብዛኛው አይጽፍም፤ የቀረልን አመፁን የጨፈለቁት ሹማምንት ሪፖርት ነው። በ1855 የሳንታል ሕዝብ በሲዱና በካንሁ ወንድማማቾች መሪነት በአራጣ አበዳሪዎች፣ በዘሚንዳሮችና በኩባንያው ላይ ተነሣ። መሪዎቹ አምላካቸው ታኩር እንዳዘዛቸው ተናገሩ። ሹማምንቱ ነገሩን እንደ እብደት ቆጠሩት፤ ለገበሬው የሚቆረቆሩ ጸሐፊዎችም ሕዝብ ለማነሣሣት የተፈጠረ ዘዴ ነው ብለው አለፉት። ጉሃ ሁለቱንም አልተቀበለም፤ ገበሬው ያመነበትን ሳንሰማ የተዋጋበትን ልናውቅ አንችልም ባይ ነው። በ1983 ባወጣው የገበሬዎች አመፅ ጥናቱ ያንኑ የጠላት መዝገብ ከተቃራኒው ወገን አነበበው። ሹሙ ዝርፊያና ውድመት ብሎ በጻፈበት ቦታ፣ ገበሬው የዕዳ ሰነዶችን ለይቶ ማቃጠሉን አስተዋለ።

ለእኔ ግን ከሥራዎቹ ሁሉ የሚልቀው በ1987 ያወጣው አጭር ጽሑፍ ነው። በ1849 ቻንድራ የምትባል ድሃ ወጣት መበለት ፅንስ ለማስወረድ መድኃኒት ወስዳ ሞተች። ከእርሷ የተረፈው ቤተሰቧ በምርመራ የሰጠው ቃል ቁራጭ ወረቀት ብቻ ነው። ለመንግሥት ጉዳዩ ወንጀል ነበር፤ መድኃኒቱን የሰጠቻት እህቷም ተከሳሽ። ጉሃ በዚያች ቁራጭ ውስጥ ያገኘው ሌላ ነገር ነው፦ ያስረገዛት ወንድ ጣጣውን ጥሎባቸው ሲገለል፣ ቻንድራ ከማኅበሯ እንዳትባረር መድኃኒት ፈልገው፣ ገንዘብ አዋጥተው፣ አብረዋት ያደሩ ሴቶችን።