ክትባቱን በእግራቸው ያደረሱት

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ክፉ ቀን በታሪካችን የሚነሣው በሰው እልቂቱ ነው፤ መከራው የጀመረው ግን ከበረት ነው። በምፅዋ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋር የመጣው «ደስታ» የተባለው በሽታ ከአገሪቱ ከብት ከአሥሩ ዘጠኙን ያህል እንደጨረሰ ይገመታል። ደስታ የያዘው በሬ በትኩሳት ይነድዳል፤ ዓይኑና አፍንጫው ይፈሳል፤ ድዱና ምላሱ ቆስሎ መኖ መቅመስ ያቅተዋል፤ በመጨረሻም ተቅማጡ አድርቆ ይገድለዋል። በሬ ያለቀበት ገበሬ በዶማ ቆፈረ፤ አፄ ምኒልክም አርአያ ለመሆን ዶማ ጨብጠው ቆፈሩ። ለእንስሳት ደኅንነት መጨነቅ የጠገበ አገር ቅንጦት ነው ለሚል ሰው ከዚህ ዘመን የበለጠ መልስ አይገኝም። የበሬው ሥቃይና የባለቤቱ ረኃብ ተለያይተው አያውቁም።

ታዲያ ይህ በሽታ እንዴት ጠፋ? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ክትባት ተገኘለት» የሚል ነው፤ እኔ ግን ይህ ግማሹ እውነት ብቻ ነው እላለሁ። በኬንያ ሙጉጋ የተሠራው ጥሩ ክትባት እ.ኤ.አ. ከ1960 ገደማ ጀምሮ በእጅ ነበር። ከ1962 እስከ 1976 በብዙ የአፍሪካ አገሮች ሰፊ ዘመቻ ተካሂዶበት በሽታው ሊጠፋ ምንም ያህል አልቀረውም ነበር፤ ዘመቻው ሲያበቃ ግን መኪና ከማይደርስባቸው ጥቂት ቦታዎች ተነሥቶ በ1980ዎቹ መጀመሪያ እንደገና ተዛመተ። ችግሩ ክትባቱን ማድረሱ ላይ ነበር። ክትባቱ ያለ በረዶ ስለሚበላሽ ከመኪናና ከማቀዝቀዣ ሊርቅ አይችልም፤ ስለዚህ ከብቱ ወደ ክትባቱ መነዳት ነበረበት። በቆላ ሐሩር፣ ውኃ በሌለበት ሜዳ፣ የከሳ ላም ከነጥጃዋ ተነድታ ወረፋ ስትጠብቅ መዋሏን ለሚያይ አርብቶ አደር፣ ከብቱን አለማምጣቱ እንቢተኝነት ሳይሆን ለከብቱ ማሰብ ነበር።

መፍትሔው በአፋር ታየ። አሜሪካዊው የእንስሳት ሐኪም ጄፍሪ ማሪነር ያለ ማቀዝቀዣ አንድ ወር ያህል የሚቆይ ክትባት እንዲገኝ ካደረገ በኋላ፣ ከአፋር ማኅበረሰብ የተመረጡ ሰዎች አጭር ሥልጠና ወስደው ክትባቱን ይዘው በእግር ወጡ። መንጋው የት እንደሰፈረ፣ የትኛው ጎሣ በየትኛው ውኃ ላይ እንዳለ ከዳጉ፣ ከአፋሮች የቃል ዜና መለዋወጫ፣ ይሰማሉ፤ ከብቱን ባለበት ይከትባሉ። እ.ኤ.አ. በ1994 ሃያ ያህል ሠራተኞች ከ70 ሺህ በላይ ከብት ከተቡ። በቀጣዩ ዓመት በሽታው በኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ ታየ።

በጊዜው ከባለሙያዎች የተነሣው ተቃውሞ ቀላል አልነበረም። ጥቂት ሳምንት የተማረ አርብቶ አደር መርፌ ቢይዝ መድኃኒት ያለ ልክ ይሰጣል፣ የሐኪምን ሙያ ያረክሳል ተባለ። ሥጋቱ እውነትነት አለው፤ ዛሬም ያለ ቁጥጥር የሚሸጥ መድኃኒት ከብት ይጎዳል። ይሁን እንጂ በእነዚያ ቆላዎች ምርጫው በሐኪምና በአርብቶ አደር መካከል አልነበረም፤ በአርብቶ አደርና ከናካቴው ማንም ባለመኖሩ መካከል ነበር። ደግሞም በተከተቡት ከብቶች ላይ የተገኘው የመከላከል አቅም የመንግሥት የክትባት ቡድኖች ከከተቧቸው ከብቶች የሚያንስ አልነበረም። ሌላው ተቃውሞ ይህ የበሽታ ታሪክ እንጂ የደኅንነት ታሪክ አይደለም የሚል ነው። አፉ ቆስሎ በረኃብና በጥማት ከሚሞት በሬ በላይ ደኅንነት የሚያሻው እንስሳ የቱ እንደሆነ ግን አላውቅም።

ኢትዮጵያ በ2008፣ ዓለም በ2011 እ.ኤ.አ. ከደስታ ነጻ መሆናቸው ታወጀ። አሁን ተራው በግና ፍየል የሚጨርሰው «ደስታ መሰል» ነው፤ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. እንዲጠፋ ዓለም ዕቅድ ይዞለታል። ክትባት አለ፤ ቆላውም ያው ቆላ ነው። በየቀበሌው የሠለጠኑት የማኅበረሰብ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች ግን ፕሮጀክት ሲያልቅ ይረሳሉ፤ በነጻ የሚመጣ ዘመቻም ከከብት ባለቤቶች የሚከፈላቸውን ጥቂት ገንዘብ ይወስድባቸዋል። ለአዲሱ ዘመቻ የሚመደበው በጀት ከመኪናና ከማቀዝቀዣ በፊት ለእነዚህ ሰዎች ደመወዝ፣ መድኃኒትና በቅርብ የሚከታተላቸው ሐኪም ሊያስብ ይገባል።