በፎገራ ሜዳ የአውቶማቲክ ጋዝ ናሙና መሰብሰቢያ መሣሪያዎች ፍተሻና ጥገና

ይህ መረጃ የተዘጋጀው በወረታ ዙሪያና በፎገራ ሜዳ የሩዝ ማሳዎች ላይ የጋዝ ናሙና መሰብሰቢያ መሣሪያ ለሚተክሉ ተመራማሪዎች፣ ቴክኒሻኖችና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች እንዲሁም ማሳቸውን ለዚሁ ሥራ ለሚፈቅዱ አርሶ አደሮች ነው።

ውኃ የተኛበት አፈር ኦክስጅን ሲያጣ በውስጡ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ሚቴን ያመነጫሉ። የራሳቸው ልኬት የሌላቸው አገሮች የሩዝ ማሳ ልቀታቸውን የሚያሰሉት የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ፓነል እ.ኤ.አ. በ2019 ባሻሻለው መመሪያ በሰፈረው ጥቅል መነሻ፣ ማለትም በሄክታር በቀን 1.19 ኪሎ ግራም ሚቴን ነው። ቁጥሩ በአብዛኛው በእስያ ማሳዎች ልኬት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ርብና ጉማራ በክረምት የሚያጥለቀልቁትን የፎገራን ጥቁር አፈር ይወክላል ብሎ መደምደም አይቻልም። ከማሳው የሚገኝ ልኬት ይህን ቁጥር ሊተካ የሚችለው ግን መሣሪያው በትክክል ሲሠራ ብቻ ነው።

መሣሪያው አፈር ውስጥ በተቀበረ መሠረት ላይ የሚያርፍ፣ በሞተር የሚከፈትና የሚዘጋ ክዳን ያለው ብርሃን አስተላላፊ ሳጥን ነው። ክዳኑ ለግማሽ ሰዓት ያህል ሲዘጋ ፓምፑ በየተወሰነ ደቂቃ አየር እየሳበ በቫልቮች በኩል ወደ ናሙና ጠርሙሶች ወይም ወደ መለኪያው ይልካል። ልቀቱ የሚሰላው ጋዙ በሳጥኑ ውስጥ ከጨመረበት ፍጥነት ነው።

ከሁሉም ብልሽት አሳሳቹ ፍንጣቂ ነው፤ መሣሪያው ሥራውን ሳያቋርጥ አነስተኛ ቁጥር መመዝገቡን ይቀጥላልና። የክዳኑ ጎማ ሲሰነጠቅ ወይም የቱቦ መጋጠሚያ ሲላላ በሳጥኑ የተጠራቀመው ሚቴን ያመልጣል፤ ማሳው ከሚለቀው ያነሰ እንደለቀቀ ተደርጎም ይመዘገባል። ስለዚህ መጠኑ የታወቀ ማስተካከያ ጋዝ በመለኪያው አፍ ብቻ ሳይሆን ከሳጥኑ ጫፍ ጀምሮ በመላው መስመር መለቀቅ አለበት። በመለኪያው አፍ ትክክል ሆኖ በሳጥኑ በኩል ዝቅ ካለ ጥፋቱ መንገድ ላይ ነው፤ በአረፋ ሳሙና እየፈተሹ ቦታውን ማግኘት ይቻላል። ማስተካከያ ጋዝ ባለቀበት ጊዜም ነፋስ ባለበት እኩለ ቀን ክዳኑን ከፍቶ ማንበብ ይጠቅማል፤ የሚቴን ንባቡ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 1.9 አካባቢ ካልሆነ ሥራው ቆሞ መንስኤው ይፈለግ።

ሁለተኛው ስሕተት የሚመጣው ከስሌት ነው። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቱ 815 ሄክቶፓስካል ያህል ነው። ከመሣሪያው ጋር የሚመጣው ሶፍትዌር የባሕር ወለሉን 1,013 ከተጠቀመ ልቀቱን በአንድ አራተኛ ገደማ አጋንኖ ያወጣል። ስለዚህ የአካባቢው ግፊት በመለኪያ ተወስዶ ይግባ። ናሙናው ዝቅተኛ ከፍታ ላይ ወዳለ ላቦራቶሪ የሚላክ ከሆነ ደግሞ ጠርሙሱ ከአካባቢው ግፊት በላይ ይሞላ፤ አለበለዚያ በመንገድም ሆነ ሲከፈት የውጭ አየር ይስባል።

በክረምት ጎርፉ ደለል ስለሚያመጣ የውኃው ከፍታ በየጉብኝቱ ተለክቶ የሳጥኑ የአየር መጠን እንደገና ይሰላ፤ ሩዙ ሲረዝምም በሳጥኑ ላይ ተጨማሪ ከፍታ ይቀጠል። ባትሪና ዳታ ሎገር ከጎርፍ ምልክት በላይ በምሰሶ ላይ ይሰቀሉ። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ በቱቦ ውስጥ የሚጠራቀመው ጤዛ ማለዳ ይፍሰስ፤ እርጥበት መጣጩ ቀለሙን ሲለውጥ ይተካ። በበጋ አቧራ ማጣሪያውን ይደፍናል፣ ሶላሩንም ይሸፍናል። ከአጨዳ በኋላ ከብት ወደ ሜዳው ስለሚሰማራ ያልታጠረ ሳጥን ብዙ አይቆይም፤ የፎገራን ከብት የሚያውቅ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልገውም።

አርሶ አደሮች መሣሪያው አጠገብ ባለው ረግረግ አፈር ላይ እንዳይቆሙ ይጠየቃሉ። የአንድ ሰው እርምጃ በጭቃው ውስጥ የታመቀውን ሚቴን ባንድ ጊዜ ፈንቅሎ ስለሚያወጣ የዕለቱ ልኬት ይበላሻል። ቴክኒሻኖችም ቢሆኑ በተዘረጋው የእንጨት መረማመጃ ብቻ ይሂዱ። በሌላ በኩል አርሶ አደሩ ለመሣሪያው ሲል አሠራሩን መለወጥ አይጠበቅበትም፤ እንደ ወትሮው ያርም፣ ማዳበሪያም ይጨምር። ዩሪያ የጨመረበትን፣ ውኃ ያስገባበትንና ያፈሰሰበትን ቀን ግን ለባለሙያው ያስታውቅ። ዩሪያ ሌላውን ጋዝ፣ ናይትረስ ኦክሳይድን፣ ለቀናት ከፍ ስለሚያደርግ ቀኑ ያልተመዘገበ ከሆነ ጭማሪው የመሣሪያ ብልሽት ተብሎ ሊሰረዝ ይችላል።

በእያንዳንዱ ጉብኝት የተተካው ዕቃ፣ የማስተካከያ ጋዙ ንባብና የተሠረዘው ልኬት ከነምክንያቱ በመዝገብ ይጻፍ። መዝገቡ ከዳታው ጋር አብሮ ይቀመጥ።